ደረት ላይ ስለሚንጠለጠለው ባጅ

ለተማሪ ወላጆች በሙሉ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ፈቃዳችሁን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ቢሮዬ ገብተው «ልጄን ልትሰልሉት ነው እንዴ?» አሉኝ። መጠየቃቸው ልክ ነው። ወሬው ከደብዳቤዬ ቀድሞ ቀፊራ ገበያ መድረሱ ግን የኔ ጥፋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልጆች በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደሚውሉ ማጥናት ፈልገዋል። ተማሪው ለሁለት ቀን ሴንሰር ያለው ባጅ ደረቱ ላይ ያንጠለጥላል። ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 2009፣ 232 ተማሪዎችና 10 መምህራን እንዲሁ አድርገው ነበር።

ባጁ ካሜራ የለውም፤ ድምፅም አይቀዳም። ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ሞገዱን የሰው አካል ያግደዋል። ስለዚህ የሚመዘግበው ሁለት ሰዎች በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ፊት ለፊት ሲሆኑ ነው። እኔና የጥበቃ ሠራተኛችን በር ላይ ሞክረነዋል። ስናወራ መዘገበ። ጋሼ ባጃጅ ሊያሳልፉ ዞር ሲሉ አቆመ። ምን እንዳወራን አያውቅም። ስለ ሙቀቱ ነበር፤ ድሬ ላይ ሌላ ምን ይወራል!

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ስም በቁጥር ይተካል ተብለናል። ጥሩ። ግን ሁልጊዜ ብቻውን የሚውል አንድ ቁጥር ከታየ፣ ማን እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ውጤቱ በክፍል እንጂ በልጅ እንዳይወጣ፣ እኔም ሆንኩ መምህራን የአንድን ልጅ መረጃ እንዳናይ ተስማምተናል። አንድ መምህር «ብቸኛውን ልጅ ለመርዳት እንኳ?» ብሎ ሞግቶኛል። ለዚያማ ዓይን አለን። ሜዳ ወጥቶ ማየት ነው።

የግል ሕይወት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ወጥቷል። ሕጉ ባይኖርም ግን ሳልጠይቃችሁ አላደርገውም ነበር።

እዚህ ላይ ዝምታ እሺታ አይደለም። ቅጹ ተፈርሞ ካልመጣ ልጁ ጥናቱ ውስጥ አይገባም። እናንተ ፈርማችሁ ልጁ እምቢ ካለም፣ እምቢታው ይከበራል። ያልገቡት እንዳይለዩ ባትሪ የሌለው ተመሳሳይ ባጅ ይሰጣቸዋል። ባጁ ከግቢ አይወጣም፤ ማታ በር ላይ ይሰበሰባል።

ቅጹ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ተዘጋጅቷል። እስከ ዓርብ ላኩልን።

ከሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ

«ባጁ ቢጠፋ ማን ይከፍላል?» ላላችሁኝ፦ ከእናንተ አንድ ብር አይጠየቅም።