ለቃሬዛ ተሸካሚዎቻችን፦ የክረምቱ ምስጋና

ይድረስ በመንዝ ለምትገኙ የቃሬዛ ቡድኖች፣ የእድር ዳኞችና የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። ክረምቱን ሙሉ ወንዝ ሞልቶ፣ አምቡላንስ ከጠጠር መንገዱ ማለፍ ሲያቅተው ወላዶችን ያደረሳችሁልን እናንተ ናችሁ። "እግዜር ይስጥልን" ብቻ ብለን ብናልፍ የሠራችሁት ያልገባን ይመስላልና በዝርዝር እናመስግን።

መጀመሪያ ለፊሽካው። ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ለቀብር ነው የሚወጣው፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ቀስ ብሎ። ለሕመምተኛ ሦስት ረጅም ፊሽካ ይሁን ማለታችሁ ትንሽ ነገር ይመስል ነበር። ወልዳ ደም የሚፈስሳት እናት ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ልታልፍ ትችላለች። ከቤት ለመውጣት የሚባክነው ሰዓት ከመንገዱ ይብሳል።

ቃሬዛውም ተሻሽሏል። የባሕር ዛፉ አጣና ሦስት ሜትር ገደማ መሆኑ ልክ ነው፤ ካጠረ የኋላ ተሸካሚ እግሩ የት እንደሚያርፍ አያይም። የቀድሞው ጠፍር ዝናብ ሲጠጣ እየረገበ ሕመምተኛዋን መሐል ላይ ያጎብጣት ነበር። የናይለን ገመዱ አይረግብም፣ በረኪናም ይችላል (አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ዐሥር ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ)። 16 ሆናችሁ በአራት በአራት መፈራረቃችሁ፣ ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ከትከሻ ወደ ትከሻ መቀባበላችሁ፣ አቀበት ላይ አጭሩን ከፊት ረጅሙን ከኋላ ማድረጋችሁ ሁሉም ጠቅሟል። ከሁሉ በላይ ግን አለመሮጣችሁ! የሚሮጥ ቡድን ጭቃ ላይ ይወድቃል፤ ባይወድቅም ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይዝላል።

ልማዱ አቀበት ሲወጣ ራስ ወደፊት፣ ቁልቁለት ሲወርድ እግር ወደፊት ነው። ደም ለሚፈስሳት ግን ይገለበጣል፤ አቀበቱን በእግሯ በኩል፣ ቁልቁለቱን በራሷ በኩል። ራሷ ከእግሯ ከፍ ካለ የተረፋት ደም ወደ አንጎሏ በደንብ አይደርስም። ለዓይን ደስ እንደማይል፣ ሽማግሌም እንደሚቆጣ እናውቃለን፤ ተቆጥተውም አሳልፈውናል፣ እናመሰግናለን። ገና ያልወለደችውን በግራ ጎኗ ማስተኛታችሁንም አልዘነጋንም።

ለሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ለባናው ደግሞ ለብቻው። ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል፤ ጋቢ ከረጠበ ግን ሙቀቷን ይመጥጥባታል፤ የበረዳት ሴት ደሟ ቶሎ አይረጋም። ሕፃኑን ጠቅልሎ ለሌላ ሰው ከማሸከም ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ አድርጎ ባናውን ከላይ መደረብ ለሁለቱም ይበጃል።

የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ ሦስቱን የሚሶፕሮስቶል ፍሬ፣ ከማስዋጣቸው በፊት ሆድ ዳስሰው መንታ አለመቅረቱን ያረጋግጣሉ፤ ልጅ ውስጥ ሳለ ከተሰጠ ማሕፀን ሊቀደድ ይችላልና። ያንን የዋጠች ሴት ልትንቀጠቀጥና ልታተኩስ ትችላለች። ይህን ያየ ቤተሰብ "ለክፏት ነው" ብሎ ወደ ጠበል እንዳያዞራት መንገድ ላይ ያስረዳችሁት እናንተ ናችሁ። ጠበሉም ቢሆን ሲመለሱ ይደረሳል።

በፌስታል ተጠቅልሎ የደረሰን ወረቀት ላይ የወለደችበት ሰዓት፣ ፍሬውን የዋጠችበት ሰዓትና በደም የራሰው ጨርቅ ብዛት ተጽፎ ነበር። "ብዙ ፈሷታል" ከሚለው ይልቅ "አራት ጨርቅ ራሰ" የሚለው እጃችንን ያፈጥነዋል። የእንግዴ ልጁንም በባልዲ ይዛችሁ መጥታችኋል። ቁራጩ ማሕፀን ውስጥ ከቀረ ደሙ አይቆምምና ገልብጠን አይተን፣ ወግ ነውና እንዲቀበር መልሰናል።

የነዳጅ ነገር ማንሳት ደስ አይልም። "ነዳጅ አልተፈቀደም" የተባለባቸው ቀናት ነበሩ፤ እድሩ ከሣጥኑ አውጥቶ ሸፈነ። መሸፈን የነበረባችሁ እናንተ አልነበራችሁም። ለእናቶች ማቆያው የገብስ ዱቄትና ቅቤ ያዋጣችሁ እናቶችም፣ ገንፎው አልተቋረጠም።

ቃሬዛው ታጥቦ ደርቆ በረንዳችን ላይ ተሰቅሏል። በግራ በኩል ያለው አጣና ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ለመስቀል ስትወርዱ ሌላ ቆርጣችሁ ይዛችሁ ኑ።

የጤና ጣቢያው አዋላጆች