የተማሪዬ መልስ ልክ ነበር፦ ውድድሩን ላዘጋጀው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ሁለት ጊዜ በደብዳቤ፣ ሦስት ጊዜ በአካል መጥቻለሁ። ደብዳቤዎቼ መዝገብ ቤታችሁ ገብተዋል፤ ቁጥራቸው እጄ ላይ አለ። መልስ ግን የለም። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ" እየተባልኩ ወር አለፈኝ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ልጽፈው ተገደድኩ።

ጉዳዩ የአንዲት የጀጎል ልጅ ነው። 8ኛ ክፍል ናት። በተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድራችሁ ላይ "ከግሪን ሳንድፓይፐርና ከዉድ ሳንድፓይፐር ዛፍ ላይ እንቁላል የሚጥለው የትኛው ነው?" ተባለች። ሁለቱም የውሃ ዳር ወፎች ናቸው። "ግሪን" አለች። ዳኛው ሳቁ። "ዉድ ማለት ደን አይደል እንዴ? ስሙ ራሱ ይናገራል" አሉና ዜሮ ሰጧት። አዳራሹ አብሮ ሳቀ። ልጅቷ በአንድ ነጥብ ተሸነፈች።

ልክ ነበረች! ዛፍ ላይ፣ ሌላ ወፍ ትቶት በሄደ ጎጆ ውስጥ የሚፈለፍለው ግሪኑ ነው። ዉዱ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሉን የሚጥለው መሬት ላይ፣ ረግረግ ውስጥ ነው። ሁለቱም የሚራቡት በሰሜን አውሮፓና በእስያ ነው። እኛ ጋ የሚመጡት ብርዱን ሸሽተው ነው። ጎጇቸውን እዚህ ማየት ስለማይቻል ማንበብ ይጠይቃል። እሷ አንብባለች። ዳኛው አላነበቡም።

ደግሞ ማንበብ ብቻ አይደለም። ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ መልሶ ውሃ ሲይዝ ተማሪ ይዤ መሄድ ጀምሬ ነበር። ጥቅምት ላይ አብረን ነበርን። ጭቃው ላይ አንድ ወፍ ጭራውን እያወዛወዘ ይለቅማል። ጀርባው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው። እግሩ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ነጩ የቅንድብ መስመር ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። "ዉድ" አለችኝ በሹክሹክታ። ራቅ ብሎ ቦይ ውስጥ ብቻውን የቆመው ግን ጠቆር ያለ ነው፤ መስመሩም ዓይኑ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ስንጠጋው ብድግ ብሎ በረረ። የክንፉ ሥር ጥቁር! የዉዱ ገርጣ ያለ ነው። ደብተሯ ላይ ያንን የክንፍ ሥር በእርሳስ ደጋግማ አጥቁራዋለች፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ። ደብተሩን ቢሮዎ ድረስ አምጥቼው ነበር። የገለጠው ሰው የለም።

አሁን "ቲቸር፣ ወፍ ማየቱ ይቅርብኝ" ትለኛለች። ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

የመልስ ወረቀቱ ይታረም። ነጥቧ ይመለስላት። ዳኛውም እዚያው አዳራሽ፣ በሳቁባት ልጆች ፊት፣ ልክ እንደነበረች ይንገሯት።