ጉርሻውን ማን በላው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ ስለሆነው ስለ ስቲቭ ጆብስ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አየሁ። ከፊልሙ በላይ የያዘኝ የተመልካቹ ጭቅጭቅ ነው። ግማሹ «ሊቅ ነው፣ ተውት» ይላል። ግማሹ «ጨካኝ ነው» ብሎ ዘግቶታል።

እኔን የከነከነኝ አንድ ትንሽ ታሪክ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ1976 ከመመሥረቱ በፊት ጆብስ አታሪ ከተባለ የጌም ኩባንያ የጌም ሥራ ይቀበላል። ሥራውን ጓደኛው፣ ኋላም አፕልን አብሮት የመሠረተው ስቲቭ ዎዝኒያክ፣ በአራት ቀን፣ እንቅልፍ አጥቶ ጨረሰለት። ጆብስ 350 ዶላር ሰጠው። ዳጎስ ያለ ጉርሻ መቀበሉን ግን አልነገረውም። ዎዝኒያክ ነገሩን የሰማው ከዓመታት በኋላ ነው። እስቲ «ሊቅ እንዲህ ነው» የምትሉ አስረዱኝ፤ ጓደኛን መሸወድ የቱን ስልክ ፈጠረ?

በ1978 የተወለደች ልጁንም መጀመሪያ ክዷታል። (በስሟ ኮምፒውተር ሰይሞ መካዱን ደግሞ ተመልከቱልኝ!)

ወቃሾቹም ያበዙታል። በ1985 ከአፕል ተገፍቶ የወጣ ሰው በ1997 ተመልሶ ሊከስር የደረሰ ኩባንያ ማንሳቱ ተረት አይደለም። የ2007ቱ አይፎንም እንዲሁ። ብቻውን ግን አልሠራውም። በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ መሃል ስለ መሐንዲሶቹ ትንፍሽ ያለ ሰው አልሰማሁም።

አንድ ተመልካች