ለወሩ ማዳመጫ፦ ቅጂ ስትመርጡ

ውድ አባላት፣

በዚህ ወር የምናዳምጠው እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካ፣ በቴነሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ ባለችው ብሪስቶል ከተማ የተቀረጹትን ዘፈኖች ነው። አስቀራጩ ራልፍ ፒር ለሸክላ አሳታሚው ቪክተር ኩባንያ የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኞቹን የካርተር ቤተሰብንና ጂሚ ሮጀርስን ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ያስቀረጻቸው እዚያ ነው።

ዳግም ኅትመት ስትገዙ ከዋጋው በፊት ምንጩን ተመልከቱ፤ ይህን አደራ እላለሁ። ከዚያ ዘመን ቅጂዎች ብዙዎቹ የተወሰዱት ከተረፈ አሮጌ ሸክላ ነው። ጭረቱን ለማጥፋት ብለው የዘፋኙንም ሕይወት አብረው የሚያጠፉ አሳታሚዎች አሉ። የዚያው ዘመን መዝሙረኛና ጊታር ተጫዋች ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን ያለ ግጥም የሚያንጎራጉርበትን መዝሙር ክፈቱ፤ ትንፋሹና በጊታሩ ክር ላይ የሚንሸራተተው ድምፅ ካልተለየላችሁ ያን ቅጂ ተዉት። እኔ ምንጊዜም ጭረት ያለበትን እመርጣለሁ።

ለመዝሙር ወዳዶች አሮጌ ቅጂዎችን ዳግም የሚያሳትመው ደስት ቱ ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣውን ባለ ስድስት ሲዲ ስብስብ አጥብቄ እመክራለሁ። በእንጨት ሣጥን ውስጥ ከጥሬ ጥጥ ጋር የታሸገ ሲሆን፣ አምስቱ መዝሙር፣ አንዱ ስብከት ነው። አብሮት ያለው መጽሐፍ ስለ እያንዳንዱ ቅጂ ያስረዳል፤ ለእኔ ከሣጥኑ ይልቅ የሚበልጠው እርሱ ነው።

የአንድ ዘፈን ሁለት የተለያዩ ኅትመቶች ያላችሁ ሁለቱንም ይዛችሁ ኑ፤ ጎን ለጎን እናሰማቸዋለን።