የአኒሜሽን ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ያረጀው ቆዳው ነው

በደሴ የትምህርት ቤታችን አኒሜሽን ክበብ ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ከረመ፤ በኮምፒውተር የተሠሩት ቀደምት አጫጭር ፊልሞች ዛሬ ሲታዩ ምናቸው አርጅቷል?

የአሜሪካው የአኒሜሽን ኩባንያ ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው «ሉክሶ ጁኒየር» ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ተዋናዮቹም ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች ናቸው። ሆኖም ወላጁና ልጁ ወዲያው ይለያሉ። ዳይሬክተሩ ጆን ላሴተር ትልቁን መብራት እንዲሁ አሳንሶ ልጅ አላደረገውም። ቆቡ ትንሽ ነው፣ አምፖሉ ግን የትልቁን ያህል ነው፤ ዘንጎቹና ሞላዎቹ አጥረዋል እንጂ አልቀጠኑም። ብረት ደግሞ የዚያ ዘመን ኮምፒውተር አሳምሮ የሚሥለው ነገር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የፒክሳር «ቲን ቶይ» በኮምፒውተር ተሠርቶ ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው አጭር አኒሜሽን ነው። የቆርቆሮ አሻንጉሊቱ አሁንም ያምራል፤ ሕፃኑ ግን ያስፈራል። ብርሃን እውነተኛ ቆዳ ውስጥ ገብቶ፣ ተበትኖ ይወጣል። የያኔው ስሌት ብርሃኑን ከላይ ብቻ ስለሚመልሰው ልጁ ላስቲክ መስሏል። ብርሃን ቆዳ ውስጥ የሚበተንበትን ለማስላት በተግባር የሚሠራ ቀመር የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እንቅስቃሴው ግን አላረጀም፤ የክበቡም ልምምድ ያተኮረው እዚያ ላይ ነው።

አባላቱ በነጻ በሚገኘው የአኒሜሽን ፕሮግራም በብሌንደር፣ በሰከንድ 24 ፍሬም (ተከታታይ ምስል)፣ የሚነጥር ኳስ ሠርተዋል። በብዛት የታየው ስህተት ኳሱ መሬት ሊነካ ሲል መዘግየቱ ነው። ፕሮግራሙ በኪፍሬሞች (ሠሪው ራሱ ቦታቸውን በሚወስንባቸው ፍሬሞች) መካከል ያለውን እንቅስቃሴ ሲሞላ መነሻውንም መድረሻውንም ያለዝባል፤ የሚወድቅ ኳስ ግን ከሁሉ የሚፈጥነው መሬት ሲመታ ነው። መፍትሔው እንቅስቃሴው በመስመር በሚታይበት ግራፍ ኤዲተር ውስጥ መሬት የሚነካበትን ነጥብ መርጦ፣ የ«ቪ» ቁልፍን ተጭኖ «ቬክተር» ማድረግ ነው፤ መስመሩ እዚያ ላይ መለዘቡ ይቀራል። ኳሱ ከፍ ብሎ የሚደርስበት የአናቱ ነጥብ አይቀየርም፤ እዚያ መዘግየቱ ትክክል ነው። ኳሱ ሲጨፈለቅ ቁመቱ የመነሻው 0.8 እጥፍ ከሆነ ወርዱና ጥልቀቱ 1.12 እጥፍ ይሁኑ፤ አለዚያ አየር የወጣለት ይመስላል።

ሬንደር ሲደረግ (ፕሮግራሙ ሥራውን አስልቶ የመጨረሻ ምስል ሲያደርገው) በቀጥታ ቪዲዮ አይመረጥም። መብራት ከጠፋ ሳያልቅ የቀረ የቪዲዮ ፋይል ብዙውን ጊዜ አይከፈትም። እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው በፒኤንጂ የምስል ፋይል ከተቀመጠ 10 ሰከንድ 240 ምስል ነው፤ በ151ኛው ላይ ቢቋረጥ 150ው ተርፏል። ሲጻፍ የተቋረጠው ምስል ተሰርዞ ከዚያው ይቀጠላል።

የመጪው ዓመት ሥራ የሚዘል መብራት ነው። ከመዝለሉ በፊት ጎንበስ ለማለት 6 ፍሬም ያህል ካልተሰጠው፣ ዝላዩ ዓይን ሳያየው ያልፋል።