የአያቴ አባት ስም

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህ፣ ባለቤትህ፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የደብረ ብርሃን ብርድም እንደምታውቀው ነው። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ሌላ ጊዜ እንጣላበታለን። ጉዳይ ባይኖረው ኖሮ አይጽፍልኝም ነበር እንደምትል አውቃለሁ፤ አልተሳሳትህም።

ጉዳዩ የወንድ አያቴ ነገር ነው። የወንድሜ ልጆች የዘር ሐረጋችንን እናሳትም ብለው ተነሥተው ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። እስከ አያቴ ድረስ ሁሉም ቀላል ነበር። አባታቸው ላይ ስደርስ መንዝ ሞላሌ ያለችው አክስቴ የበግ ፀጉር እየፈተለች፣ እንዝርቷን ሳታቆም፣ “እሱማ አጎቱ እንጂ አባቱ መቼ ሆነና!” አለችኝ። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በስሙ ሲጠሩ የኖሩት ሰው የእናታቸው ወንድም ኖሯል። ቤቱ ስላሳደጋቸው በስሙ ተጠሩ። “ወላጃቸውስ?” ስላት፣ “ከዚሁ ከመንዝ፣ ከጌራ ነው ይሉ ነበር” ብላ ስለ ዝናቡ ጀመረች።

የወንድሜ ልጅ ይህን ሲሰማ ወዲያው “እንግዲያው ስሙን እናስተካክለው” አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ስሙ ስህተት አይደለማ! አያቴ የተጠሩበት፣ የከበሩበት፣ የተከሰሱበትም ስም ነው። የወላጅ ነገር ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከስሙ ጎን ይጻፋል እንጂ ስሙን ፍቆ አይገባም። ነገሥታቱን እይ። “ተፈሪ መኮንን ወልደ ሚካኤል” ብሎ የሚቆጥር ሰው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን መቼም አያገኛቸውም፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሳቸው የሚወለዱት በአባታቸው እናት በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል ነዋ። ምኒልክንም ሣህለ ማርያም፣ ምኒልክ፣ አባ ዳኘው እያለ ከአንድ ሰው ሦስት ሰው የሚያወጣ አይጠፋም።

ደግሞ ስሙን እንለውጥ ብንል አሜሪካ ያለው አጎቴ ምን ሊሆን ነው? ሲሄድ ሦስተኛውን ስሙን የቤተሰብ ስም ብለው መዘገቡለት። ዛሬ ልጆቹም የልጅ ልጆቹም የሚጠሩት በዚያው በአሳዳጊው ስም ነው። እኛ አገር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይቀር የቤተሰብ ስም ይኑር ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ሕጉም ቢሆን ደም እየቆጠረ አይደለም አባት የሚሰጠው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላ፣ ከፈረሰም በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል።

አያቴ ስሙን የያዙት ለመሬት ብለው ነው የሚል ዘመድም አለ። አልቀበለውም። ርስት በእናትም በአባትም ይወረስ ነበር፤ አጎታቸው ባያስጠሯቸውም በእናታቸው በኩል ድርሻቸው አይቀርም። የሚገርመኝ ሌላው ነው፤ ጌራ ወርደው ርስት አለመጠየቃቸው። ኩራት ይሁን፣ ወላጃቸውን እርግጠኛ አለመሆን ይሁን፣ ከዚህ ብቻ ተነሥቼ አልፈርድም። መቼም መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው አቅኚ አባት የተቆጠረ የድሮ ሐረግ ሁሉ ከጀርባው ክርክር እንዳለ አትርሳ፤ የሚጠቅም ስም ይጨመራል፣ የማይጠቅም ይዘለላል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ ሁሉ ክርክር ቀረ፤ ሐረግ ቆጣሪውም አብሮ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አክስቴ በልጅነቷ ለአንድ የጌራ ልጅ ታጭታ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ጠላው ሊጠመቅ ሲል ነገሩ ቀረ። “ሰባት ቤት አልሞላም” ተባለ። እኔ የሁለቱንም ወገን የአባትም የእናትም ስም ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ፤ የሚገናኙበት አንድ ስም የለም። ታዲያ በምን ቆጥረው ነው ዘመድ ያደረጓቸው? አደባባይ ላይ የማይነገር አባት፣ ልጆች ሊጋቡ ሲሉ ይነገራል። ሽማግሌዎች ለርስት ሊዋሹ ይችላሉ፤ ዘመድ ከዘመድ ላለማጋባት ግን የሚያውቁትን ያወጡታል። ከሰማሁት ሁሉ ያቺን የቀረች ሠርግ የሚያህል ማስረጃ አላገኘሁም።

የወንድሜ ልጅ የዲኤንኤ ምርመራ ይላል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም የእኔ ከጌራዎቹ ወንዶች ቢገጥም በአባት በኩል አንድ ሐረግ መሆናችንን ይናገራል። ከወንድማማቾች የትኛው ወለደ የሚለውን ግን አይነግረንም። ስለዚህ ለጊዜው ደብተሬ ላይ የአያቴ ገጽ እንዲህ ነው። ከላይ ሲጠሩበት የኖሩት ስም፣ ሳይነካ። ከሥሩ “አሳዳጊ፦ የእናታቸው ወንድም፤ ልጃቸው እንደነገረችኝ” ከነቀኑ። ከዚያ “ወላጅ አባት፦ የጌራ ሰው ናቸው ይባላል፤ አልተረጋገጠም” ይልና ስሙ ቦታ ላይ ነጠብጣብ ነው።

እዚህ ላይ ነው የምፈልግህ። እናትህ የመሐል ሜዳ፣ የዚያው የጌራ ልጅ ናቸው፤ ከአክስቴም እኩያ። ያ ሠርግ ለምን እንደቀረ ጠይቅልኝ። ግን አደራ፣ የአያቴን ስም አንተ ቀድመህ እንዳታነሣ፤ ካነሣኸው የራስህን ቃል መልሰው ይሰጡሃል። ማን ቆጠረ፣ ከየትኛው አያት ጀመረ፣ እሳቸውስ ከማን ሰሙ፣ ይህን ብቻ ጠይቅ። ያሉትን እንዳሉት ጻፈው፣ አማርኛቸውን አታሳምር። ልጆቹ ፊት አይሁን። ካልፈለጉም ተወው፤ አታጨናንቃቸው።

ነገሩ እውነት ከሆነ እኔና አንተም ዘመድ ሳንሆን አንቀርም። ያበደርኩህን ብር ግን በዚህ አታመልጥም።

ለፋሲካ መሐል ሜዳ የምትሄድ ከሆነ አስቀድመህ ደውልልኝ። ጣርማ በር ላይ ተገናኝተን ሞላሌ አክስቴ ዘንድ አድረን እንሄዳለን፤ ከእናትህ ጋር አንድ ላይ ብናስቀምጣቸው ደግሞ እኔና አንተ መጠየቅም አያስፈልገን ይሆናል።

እናትህን ጉልበት ስመህ ሰላም በልልኝ።

አብሮ አደግህ