ከአጋዘኗ ጋ ውረጂ

ሲያትል፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ! ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ፊደሉን አጉልቼ የጻፍኩት አንቺው ራስሽ እንድታነቢው ብዬ ነው። በመሠረተ ትምህርት የለየሽው ፊደል ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

በስልክ የጀመርኩልሽን የባቡር ወሬ ልጨርስልሽ። ነሐሴ 24 ቀን ባቡሩ እኛ ጋ፣ ሊንውድ ገባ። ሊንውድ ማለት ከሲያትል በስተሰሜን ያለች ከተማ ናት፤ የቤት ኪራይ ሲከብደን የመጣነው ወደዚህ ነው። አዲሱ መስመር 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አራት ጣቢያ አለው። ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ እንዲሠራ የወሰነው በፈረንጆች 2008 ነበር። አስራ ስድስት ዓመት ጠበቁት ማለት ነው። የተከፈተ ዕለት ሰዉ ልጆቹን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ሲወጣና ሲወርድ ብታዪ! አንቺ የአዲስ አበባውን፣ የአያት መስመር ባቡር መጀመሪያ የተሳፈርሽ ቀን ደውለሽ «መስኮት ዳር ተቀምጬ ከተማውን ከላይ አየሁት» ያልሽኝ ትዝ አለኝ። እኔም መስኮት ዳር ተቀመጥኩ።

በፊት ኤርፖርት ሥራ ለመግባት መጀመሪያ በአውቶቡስ እስከ ኖርዝጌት፣ ከዚያ በባቡር ነበር። ዝናብ ላይ ቆሜ የምጠብቅበትን ጠዋት አልቆጥርልሽም። አሁን ከቤቴ አጠገብ እሳፈርና ሥራዬ ድረስ መቀያየር የለም። ዋጋውም የትም ውረጂ የት 3 ዶላር ሆኗል። 65 ዓመት ለሞላው ሰው ደግሞ 1 ዶላር ብቻ ነው። ለአንቺ ካርዱን አወጣልሻለሁ።

እማዬ፣ ስለ ጣቢያዎቹ ሥዕሎች ግን ነግሬሽ አላውቅም።

የመጣሁ ሰሞን በደቡብ በኩል፣ ኦተሎ የሚባለው ሰፈር ነበር የምኖረው። እንግሊዝኛው ጆሮዬ ውስጥ አይገባም። አንድ ማታ ከአውቶቡስ ያለ ቦታዬ ወርጄ ጨለማ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ሾፌሩን ብጠይቀው ፊቱን አዞረብኝ። በማግስቱ አንዲት ያገራችን ሴት፣ ጎረቤቴ፣ «አንቺ፣ ለምን በባቡር አትመጪም? የጣቢያውን ስም ተዪው። ከአጋዘኗ ጋ ውረጂ» አለችኝ።

እውነትም እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕል አለው። ኦተሎ አጋዘን ናት። ከሱ በፊት ያለው ኮሎምቢያ ሲቲ ርግብ ናት። ቀጥሎ ያለው ሬኒየር ቢች እግረ ረጅም የውሃ ወፍ ናት። ተክዊላ ታንኳ፣ ኤርፖርቱ አውሮፕላን ነው። ክርስቲያን ፍሬንች የሚባል ሠዓሊ ነው የሠራቸው። ሥዕሉ ላይ ነጥቦች አሉ፤ ነጥቦቹ በየጣቢያው ዙሪያ ያሉ ቦታዎች ናቸው፣ ሲገናኙ ልክ እንደ ሰማይ ኮከቦች ቅርጽ ይሠራሉ። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይጠፋ ብለው ነው ያስቀመጡት። ይኼን ሳውቅ ሆዴ ተላወሰ። እኔን የሚመስል ሰው ታስቧቸው ነበር ማለት ነው። እኛም አገር ሰው ቤቱን የሚያመላክተው «ከሾላው ዝቅ ብለሽ፣ ከወይራው ታጥፈሽ» እያለ አይደል?

ከባቡሩ ግንባታ ወጪ፣ የዋሻ ቁፋሮውን ሳይጨምር፣ ከመቶ አንዱ እጅ ለሥነ ጥበብ ይመደባል። ስለዚህ ጣቢያ ሁሉ የሚታይ ነገር አለው። ርግቧ ጋ ስትወርጂ ደጅ ላይ አሥር ሜትር ገደማ የሚረዝም የነሐስ አካፋ ቆሟል፤ ቪክቶሪያ ፉለር የሠራችው ነው። ላዩ በሙሉ ቅጠል፣ ፍሬ፣ አበባ፣ አትክልት ነው። ባየሁት ቁጥር ጓሮሽ ይመጣብኛል፤ ጎመኑ፣ ጤና አዳሙ፣ አንቺም ነጠላሽን ወገብሽ ላይ አስረሽ።

ሌላው ካፒቶል ሂል ነው፣ ከመሬት በታች ነው ያለው። እዚያ ሁለት የጦር አውሮፕላኖች ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። እውነተኛ ናቸው፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የነበሩ። ማይክ ሮስ የሚባል ሰው ቆራርጦ ሮዝ ቀለም ቀብቶ አፍንጫ ለአፍንጫ አገናኛቸው። የሚሳሳሙ ይመስላሉ። አንቺ የጄት ድምፅ ስትሰሚ እንዴት እንደምትሆኚ አውቃለሁ፤ አጎቴን ያጣንበትን ጊዜ ያስታውስሻል። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን እኔም ደንግጬ ነበር። ከዚያ ባቡር አሳለፍኩና ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ከሥራቸው ሰው ቡናውን ይጠጣል፣ ተማሪ ስልኩን ይነካካል። እንዲህ ሆነው መሰቀላቸው ትልቅ ሥራ ነው። አብረን ቆመን እንድናየው እፈልጋለሁ፤ ካልወደድሽው ግን ወዲያው እንሄዳለን።

እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም እኮ። ለገሃር ፊት የይሁዳ አንበሳ ቆሞ አልነበር ያደግነው? ጣሊያን ወስዶት ሮም ካቆመው በኋላ እንኳን ተመልሷል። የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት የሠራው አፈወርቅ ተክሌ ነው። ሠዓሊ ሞልቶናል። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያሉት ጣቢያዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሥዕል ቢሰጣቸው፣ ገጠር የኖረች እናት ልጇን ልትጠይቅ ስትመጣ ማንንም ሳትለምን ትወርድ ነበር። ይኼን ከልቤ ነው የምለው።

አንድ ያዘንኩበት ነገር አለ። ሥዕሎቹን ቀስ በቀስ በቁጥር እየተኳቸው ነው። ቁጥርም ለሁሉም ይገባል፣ እሱን አልክድም። ግን አጋዘኗ ከነጭራሹ ሳትነሳ አንቺ እንድታያት እፈልጋለሁ። ስለዚህ የቪዛውን ነገር አታዘግዪው። ወረቀቶቹን ታናሽ እህቴ ትጨርስልሽ።

ስትመጪ ሻንጣሽን እኔ እይዛለሁ። በመኪና የሚወስደን ሰው አለ፣ ግን በባቡር እንሂድ። አውሮፕላኑ ካለበት እንሳፈራለን፤ ታንኳውን፣ ወፏን አልፈን አጋዘኗ ጋ እንወርዳለን። ያቺ ጎረቤቴ አሁንም እዚያው ናት። ቡና አፍልታ ትጠብቀናለች፣ ነግሬያታለሁ። ለእሷም አንድ ኪሎ በርበሬ ጨምሪ።

ለጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ለእትዬም ለጋሼም፣ እንኳን አደረሳችሁ በይልኝ።

ልጅሽ